ከአኮፋዳ እስከ ብሎክድ አካውንት፦ ሰው አገር የሚማር ልጅ ወረቀትና ገንዘብ

በኅዳር 1931 ዓ.ም. ለንደን ላይ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ለአንድ ኢትዮጵያዊ ከሳሽ መልስ ሰጠ። ከሳሹ ተራ ሰው አልነበሩም፤ በስደት ላይ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የተከሰሰው ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የሚባለው የቴሌግራፍ ኩባንያ ነው። ከጦርነቱ በፊት በተፈረመ የራዲዮ ቴሌግራፍ ውል መሠረት ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፈል ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ገንዘብ በኩባንያው እጅ ነበር። ዋናው ክርክር ገንዘቡ ለማን ይከፈል የሚለው ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 1930 ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረደ። ይግባኙ ሳይቋጭ ግን የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዥ አድርጎ ተቀበለ። በቃ። ዳኞቹ መብቱ ወደ ጣሊያን ንጉሥ ተላልፏል ብለው መዝገቡን ዘጉ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1929 ዓ.ም. እዚያው ለንደን ሌላ ክርክር ነበር። በ1923 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን ተክቶ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ይሟገት ነበር። ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባንኩን በአዋጅ አፍርሰውት ነበርና ዳኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ አዋጁ ይሠራል ወይስ አይሠራም? የእንግሊዝ መንግሥት ጣሊያን አገሪቱን በተግባር እየገዛች ነው ብሎ ስለነበር አዋጁ ይሠራል ተባለ። የፈረሰ ባንክ ደግሞ መክሰስ አይችልም።

እነዚህን ሁለት መዝገቦች የማነሳው ስለ ንጉሡ ለማውራት አይደለም። ንጉሥና የአገር ባንክ በሰው አገር ቆመው "ይህ ገንዘብ የኔ ነው" ማለት ካልቻሉ፣ በዚያው ዓመት ካይሮ ወይም ፓሪስ በትምህርት ላይ የነበረ የ20 ዓመት ልጅ ምን ሊል ይችል ነበር? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአንድ መንግሥት ስም ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከአንድ መንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ያ መንግሥት ሲወድቅ፣ ሲለወጥ ወይም ሲታመም የመጀመሪያው ማስታወቂያ የሚደርሰው ለልጁ ነው፤ የሚደርሰውም ባንክ መስኮት ላይ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ወረፋ ላይ ነው። ዛሬ ከቢቸናና ከሞጣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ህንድ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ አሜሪካ የወጡ ልጆች የሚያወሩት ችግር አዲስ ይመስላል። አዲስ አይደለም። ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያልፋል።

እንዲያውም ከዚያም ይርቃል። ምሥራቅ ጎጃም ራሱ "ሰው አገር መማር" የሚለው ነገር ዋና ከተማ ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙም አይርቅም። ደብረ ወርቅ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መርጡለ ማርያምም እዚያው አካባቢ ነው። ቅኔ ፍለጋ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከላስታ፣ ከበጌምድር ልጆች እየተነሡ እዚህ ይመጡ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ልጅ በሞጣ በኩል በፋሲል ዘመን በተሠራው ድልድይ ይሻገራል። ያ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ አርበኞች ከቆረጡት ወዲህ ሰባራ ድልድይ ተብሎ ቀረ፤ ሰዉ ለአሥርት ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲያ ወዲህ እየተጎተተ ሲሻገርበት ኖሯል።

ያ የቆሎ ተማሪ ቪዛ አልነበረውም። ደበሎ፣ አኮፋዳና ዱላ ይዞ የሰው ደጅ ላይ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። የድንበር ፖሊሱ ውሻ ነው፤ ዱላው የተያዘውም ለእሱ ነው። ከወዴት መጣህ ቢባል አገሩን ይናገራል፤ ማን ያውቅሃል ቢባል የኔታን ይጠራል። የኔታ ዋሱ ናቸው። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል። መንደርተኛው የማንም ልጅ መሆኑን ሳያጣራ ቁራሽ ይሰጠዋል፤ የተማሪ ቁራሽ የመስጠት ግዴታ የትም ሳይጻፍ እንደ ሕግ ይሠራ ነበር። ሥርዓቱ ደግ ነበር ብዬ ላሳምረው አልፈልግም፤ ልጆች በርሃብና በበሽታ አልቀውበታል። ነገር ግን አንድ ነገር ይታያል። የተማሪው ባንክ የገበሬው ጎተራ ነበር። ጎተራው በጎደለ ዓመት ጉባኤው ይበተናል፤ ዝናቡ ከመለሰ ተማሪውም ይመለሳል። የሚያባርረው ሰው የለም።

ወደ ውጭ አገር የተላኩት የመጀመሪያዎቹ ልጆች በዚሁ ልማድ ነው የሄዱት ማለት ይቻላል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በዓድዋ ዘመን ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሲሄዱ የያዙት ትልቁ ሰነድ የሰው አደራ ነበር፤ ሞልቻኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ኮሎኔል እንደ ልጁ አሳደጋቸው፤ መድፈኛነት ተምረው ተመለሱ፤ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የረቀቁት እሳቸው ናቸው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ በልጅነታቸው ከምጽዋ መርከብ ላይ ወጥተው ኦስትሪያ ደረሱ፤ እዚያም አንድ ቤተሰብ ተቀበላቸውና ጀርመን አገር ተማሩ። ዛሬ ያ ልጅ ቢሆን "ያለ ወላጅ የተገኘ ሕፃን" ተብሎ መጠለያ ይገባል፤ ዕድሜው በአጥንት ምርመራ ይገመታል፤ የባንክ ሒሳብ ሊከፍት ቢሄድ ደግሞ... ይቅር። ያኔ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስለነበር አውሮፓ ውስጥ ፓስፖርት የሚጠይቅ ድንበር ጥቂት ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው ፓስፖርትና ቪዛ የሁሉም በር ቁልፍ የሆኑት። ልጆቻችን በብዛት መላክ የጀመሩት ልክ በሩ ሲቆለፍ መሆኑ የራሱ ዕድል ነው።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ ወደ ግብፅ፣ ወደ ቤሩት፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተማሪ ላኩ። ዕድሉ በአብዛኛው ለቤተ መንግሥትና ለሚሲዮን ትምህርት ቤት ቅርበት ላላቸው ነበር። ከእነዚህ አንዱ መላኩ በያን ናቸው፤ ኦሃዮ በሚገኘው ማስኪንገም ኮሌጅ ተምረው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1935 እ.ኤ.አ. በሕክምና ተመረቁ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረዋል፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ከአሌክሳንድርያ ቀጥሎ ካምብሪጅ ገብተዋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ስትያዝ ይህ ትውልድ ለሁለት ተከፈለ። አገር ቤት የነበሩት ወደ ጫካ ገቡ፤ የጥቁር አንበሳ ማኅበር የሚባለው ከእነሱና ከሆለታ ዕጩ መኮንኖች የተሰባሰበ ነው። ዮሴፍና ቢንያም፣ ፈቃደ ሥላሴም ከየካቲት 12 በኋላ ተገደሉ። በእነዚያ ሳምንታት የተማረ መሆን በራሱ ወንጀል ነበር። ውጭ የቀሩት ደግሞ ከላይ የተረክሁት የለንደን ፍርድ ቤት ሎጂክ ውስጥ ወደቁ። የላካቸው መንግሥት በተግባር የለም፤ ደጅ የሚጠኑበት ሌጋሲዮን ራሱ በጀት የለውም፤ አገራቸውን ያስተዳድራል የተባለው ደግሞ አገራቸውን የያዘው ጠላት ነው። መላኩ በያን ከማይጨው መልስ ኒውዮርክ ገብተው ለንጉሠ ነገሥቱና ለስደተኞች ገንዘብ ሲያሰባስቡ ከረሙ፤ በ1929 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ ነፃነትን ሳያዩ በ1932 አረፉ። ያ ፌዴሬሽን የቆመው በጥቁር አሜሪካውያን መዋጮ ነው። ጎተራውን የከፈተው ሌላ መንደር ሆነ ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ ያለው ዘመን ለተማሪ በገንዘብ በኩል ከሁሉም የተሻለው ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። በ1937 ክረምት የኢትዮጵያ ብር ታተመ፤ ተመኑም ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ47 ዓመታት ያህል የተለወጠው ጥቂት ነው፤ እሱም ወደ እኛ ያጋደለ ነበር፤ ከ1965 እስከ 1985 ድረስ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ቆመ። ዛሬ ልጁን ውጭ የሚያስተምር ወላጅ ይህን ቁጥር ሲሰማ ይስቃል ወይም ያለቅሳል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ለአብዛኛው ተማሪ የሚከፍለው አባቱ ሳይሆን መንግሥት ወይም የውጭ ዕርዳታ ነው፤ ፓስፖርቱን የሚያድሰውም ኤምባሲው ነው። ስለዚህ ልጁ የተናገረው ንግግር፣ የጻፈው መጣጥፍ፣ የተገኘበት ስብሰባ ሁሉ በሚቀጥለው ወር አበልና በሚቀጥለው ዓመት ማኅተም ላይ ያርፋል። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በ1940ዎቹ የተመሠረተው ለመተዋወቂያና ለባህል ምሽት ነበር ማለት ይቻላል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን "መሬት ላራሹ" የሚል ድርጅት ሆኖ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ተማሪዎቹ ዋሽንግተን ያለውን ኤምባሲ ሰብረው ገቡ። ያንን ቀን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ለፖለቲካው ነው። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፤ የገቡበት ቤት ፓስፖርታቸው የሚታደስበት ቤት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስንቱ በምን ወረቀት እንደኖረ መገመት አያስቸግርም። ብዙዎቹ በትዳር፣ በሥራ፣ በጥገኝነት እየተንጠለጠሉ እዚያው ሸበቱ።

እዚህ ላይ ወደ ቢቸናና ሞጣ ልመለስ፤ ምክንያቱም የዚያ አበል ሌላኛው ጫፍ እዚህ ነው። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። የጎጃም ገበሬ ከዚያ በፊትም በኋላም መሬቱን የሚያስለካ ግብር ሁሉ ርስቱን የሚነጥቀው ይመስለው ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች መካከል ሆኑ። ገማቾች ተባረሩ፤ ፖሊስና ነጭ ለባሽ ተዋጋ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፍ ግብር ማሩ። ዘመኑን ልብ ይሏል፤ አመፁ በ1960፣ የኤምባሲው መያዝ በ1961። አንዱ "ልጄ ለማይማርበት ትምህርት ቤት አልከፍልም" ይላል፤ ሌላው በዚያ ግምጃ ቤት ገንዘብ እየተማረ ለገበሬው ይጮኻል። አይተዋወቁም። ከቢቸና ገበሬ ልጆች መካከል በዚያ ዓመት ዋሽንግተን የነበረ ቢኖር በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው።

ደርግ ሲመጣ የቀረው ነገር በአንድ ሌሊት የተገለበጠ ያህል ነው። ባንኮች በታኅሣሥ 1967 ተወረሱ፤ በግል ወደ ውጭ ገንዘብ መላክ እንደ ኢኮኖሚ አሻጥር ታየ፤ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። አሜሪካ የነበሩት ተማሪዎች መመለስ ማለት እስር ወይም ሞት ሲሆንባቸው የአሜሪካ መንግሥት ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያውያንን በግድ የመመለሱን ነገር በይደር አቆየው። ይደር ነው፤ መኖሪያ ፈቃድ አይደለም። የሬጋን መንግሥት በ1981 ሊያነሣው ሲል ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠመው፤ በ1982 እስከ ሰኔ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ ለገቡት ብቻ መለሰው። አንድ ልጅ በሰኔ መጨረሻ መግባቱና በሐምሌ መጀመሪያ መግባቱ የሕይወት ልዩነት ሆነ።

ሌላው ትውልድ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ቡልጋሪያ፣ ወደ ኩባ ተጫነ። እነዚህ ልጆች ያዩትን ያህል ያየ ያለ አይመስለኝም። ምሥራቅ ጀርመን በመስከረም 1983 ከካርታ ጠፋች። ግንቦት 20 ቀን 1983 የላካቸው መንግሥት ወደቀ። በታኅሣሥ 1984 ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ በጥር 1992 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ዋጋ ስትለቅ በሩብል የሚከፈለው አበል ዳቦ የማይገዛ ወረቀት ሆነ። ኪየቭ ያለ አንድ ተማሪ አስቡ። ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ይላል፤ እንዲህ የሚባል አገር የለም። ቪዛው የሶቪየት ነው፤ እንዲህ የሚባል አገርም የለም። ከሁለት የሌሉ አገሮች ወረቀት ይዞ ሦስተኛ አገር ያለችበት ፖሊስ ፊት ይቆማል። ከእነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ጨርሰዋል፤ ብዙዎቹ የዛሬ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ናቸው። ስንቱ ልጅ ገበያ ላይ የቻይና ጃኬት እየሸጠ እንደተመረቀ ግን በዲፕሎማው ላይ አልተጻፈም።

በመስከረም 1985 ብር ከ2 ከ7 ወደ 5 ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወደ ዛሬው ልለፍ።

ጀርመን ለተማሪ ቪዛ ብሎክድ አካውንት ትጠይቃለች። ልጁ ከመሄዱ በፊት የአንድ ዓመት መኖሪያውን በአንድ ሒሳብ ያስቀምጣል፤ እዚያ ሲደርስ በየወሩ ይለቀቅለታል። መጠኑ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ክረምት 11,208 ዩሮ ነበር፤ ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ሆነ። ካናዳ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የምትጠይቀውን ከ10 ሺህ ወደ 20,635 የካናዳ ዶላር አወጣችው። እንግሊዝ ገንዘቡ ቢያንስ ለ28 ቀን ሒሳብ ውስጥ ሳይነካ መቀመጡን ታያለች። በእነሱ በኩል ሲታይ ሁሉም ምክንያት አለው፤ ልጁ ረሃብ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

በእኛ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ እጥፍ። በመጀመሪያው ቀን ንግድ ባንክ 75 ብር አካባቢ ገዛ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይህን ለአንድ የሞጣ ቤተሰብ እንተርጉመው። ዩሮውን 62 ብር ብናደርገው አሮጌው ብሎክድ አካውንት ከ700 ሺህ ብር ትንሽ ያነሰ ነበር። አዲሱን በ125 ብር ብናሰላው 1 ሚሊዮን 488 ሺህ ብር ነው። በሁለት ወር ውስጥ። የጤፍ ዋጋ በዚያ ልክ አልወጣም፤ የመምህር ደመወዝማ ስሙን አናንሣ።

በርግጥ የ57ቱ ተመን ለብዙ ሰው የወረቀት ላይ ተመን ነበር። ባንክ ሄዶ "ለልጄ ትምህርት ዶላር ስጡኝ" ያለ የቢቸና ነጋዴ የሚያገኘው መልስ "ተራዎን ይጠብቁ" ነው፤ ተራው ደግሞ አይደርስም። የዶላር እጥረቱ እውነት ነበር፤ ነዳጅና መድኃኒት መቅደሙን የሚቃወም የለም። ነገር ግን መንግሥት በአንድ በኩል ባንክ አያቀርብም፣ በሌላ በኩል ከባንክ ውጭ መግዛትን ወንጀል ያደርጋል። ስለዚህ ሐቀኛ አባት ለልጁ ትምህርት ሲል ሕግ ተላላፊ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ያነጋገርኋቸው አንድ የሞጣ አባት የከተማ ቦታቸውን ሸጠው፣ ብሩን አዲስ አበባ ላለ የማያውቁት ሰው አስረክበው፣ ጀርመን ያለ ሌላ የማያውቁት ሰው ዩሮውን ለልጁ እስኪያስገባ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። "ደረሰኝ አለዎት አባቴ?" አልኋቸው። "ልጄ፣ ደረሰኙ እግዜር ነው" አሉኝ።

ገንዘቡ ደረሰ። ነገር ግን የጀርመኑ ባንክ ልጁን ጠራው፤ ይህ ገንዘብ ከማን ነው? ላኪው አባትህ አይደለም፤ ስሙም ካንተ ስም ጋር አይገናኝም። ለአምስት ሳምንት ሒሳቡ ታገደ። ልጁ አጭበርባሪ አይደለም፤ ግን ለባንኩ ማስረዳት የሚችለው እውነቱን ከተናገረ አባቱን፣ ከዋሸ ራሱን በሚከስ መንገድ ነው። እዚህ ላይ አገራችን ከየካቲት 2017 እስከ ጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ማጠብን በሚከታተለው ዓለም አቀፍ ቡድን የክትትል ዝርዝር ውስጥ እንደነበረች አስታውሱ። አንድ ጊዜ የተጣበቀ ጥርጣሬ ከባንክ ሠራተኛ አእምሮ ቶሎ አይወጣም።

ስለ ስምም እናንሣ። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባቱ ስም ነው ያለው። ልጁ፣ አባቱና እናቱ በሦስት የተለያየ "የቤተሰብ ስም" ይመዘገባሉ፤ ፈረንጅ ባንክ ሦስቱን የማይተዋወቁ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አንድ ዓይነት፣ ኢሚግሬሽን ሌላ ዓይነት፣ ባንኩ ሦስተኛ ዓይነት አድርገው ይጽፉታል። በዚያ ላይ ዘመኑ አለ። ቢቸና በ2012 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ትራንስክሪፕቱ ላይ 2012 ከተባለ፣ ለፈረንጁ ልጁ የጨረሰው በአሥር ዓመቱ ነው። ይህን የምሰማው እንደ ቀልድ ነበር፤ ቪዛ የተከለከለበት ልጅ እስካገኝ ድረስ። አንድ ገጽ የዘመን ማብራሪያ በማኅተም ማውጣት ለማንኛውም ርዕሰ መምህር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጭነት ተጨመረ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። የውጭ ዩኒቨርሲቲ በኢሜይል "በ14 ቀን ውስጥ መልስ" ሲል መልሱን ለማንበብ ደጀን ተሻግሮ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ መድረስ ያስፈልግ ነበር፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መዝገብ ቤታቸውም አብሮ ተዘጋ። ውጭ ያለው ልጅ "ኦሪጅናሉን አምጣ" ሲባል የሚያመጣለት የለም። ባንክ በተከፈተበት ቀን ያልተከፈተ መንገድ፣ መንገድ በተከፈተበት ቀን ያልተከፈተ ባንክ። ፓስፖርትም በዚያው ሰሞን ከ2 ሺህ ወደ 5 ሺህ ብር ወጣ።

አሜሪካ ያሉት ደግሞ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሌላ ነገር ገጠማቸው። ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ፣ የተማሪን ጨምሮ፣ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆነ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ልጁ በሦስት ወሩ ሊባረር ነው" ብሎ ይደነግጣል። አይደለም። ቪዛ የመግቢያ በር ነው፤ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚቆጠረው የተማሪነት ሁኔታው ነው፤ ትምህርቱን በሙሉ ጊዜ እስከተከታተለና ያለ ፈቃድ እስካልሠራ ድረስ ቪዛው ቢያልፍም ይቆያል። የሚያመው ሌላ ነገር ነው። ከወጣ ለመመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ አባቱ ቢሞት ለቅሶ ለመድረስ ወይ ትምህርቱን ወይ አባቱን ይመርጣል። ጎጃም ውስጥ የአባቱን ቀብር ያልደረሰ ልጅ ምን እንደሚባል ለዚህ ገጽ አንባቢ አልነግርም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ልጆች የማያውቁት አንድ ደንብ አለ። የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ሕግ ተማሪው ከአንድ የትምህርት ዓመት በኋላ ባልጠበቀው ከባድ የኢኮኖሚ ችግር ከወደቀ ከግቢ ውጭ የመሥራት ፈቃድ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በስሙ የተጻፈው የአገሩ ገንዘብ ወይም የምንዛሪ ተመን ከፍተኛ መዋዠቅ ነው። የሐምሌ 2016ቱ ውሳኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለውም፤ የብሔራዊ ባንኩን መግለጫና የሐምሌና የመስከረምን የባንክ ተመን አያይዞ ማቅረብ ይቻላል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜም ለተማሪዎች ተጨማሪ የሥራ ማቅለያ ነበር። ነገር ግን ይህን የሚነግራቸው ኤምባሲ አላየሁም። ልጆቹ የሚሰሙት ከጓደኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኮርስ ከጣሉ፣ ምግብ ቤት ያለ ፈቃድ ከገቡ፣ ሁኔታቸው ከተበላሸ በኋላ። ለውጭ ተማሪዎች ጉዳይ የተመደበው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ጋ የሚኬደው ኮርሱ ከመጣሉ በፊት ነው፤ ከተጣለ በኋላ እሱም ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነው።